ቦቬዳ በደረቅ አገር፦ ፓኬቱ ይሠራል፣ ሣጥኑ ካልከዳው

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ቦቬዳ የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው ባለ 60 ግራሙ የእርጥበት መቆጣጠሪያ ፓኬት የተባለለትን ያደርጋል፤ የሲጋር ሣጥን ውስጥ ያለውን እርጥበት ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ውሃ መሙላት፣ ያለ ጭንቀት ይይዛል። ነገር ግን እንደ ዴንቨር፣ ኦሮራ፣ ላስ ቬጋስ ወይም ሪያድ ባለ ደረቅ ቦታ አየር በሚያስገባ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ በየጥቂት ሳምንቱ ይደርቃል። ሰውም ፓኬቱን ይረግማል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሣጥኑ ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ ፓኬቱ የሚናገረውን ያህል ስለ ሣጥኑም ይናገራል፤ ሁለቱን ለያይቶ መገምገም ገዢውን ማሳሳት ነውና።

በመጀመሪያ ውስጡ ምን አለ? ውሃና ጨው ነው። አዲስ አበባ በክረምት የጨው ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ ጨው ረጥቦ ይጓጉላል፤ ዝናቡ አልፎ ጸሐይ ስትወጣ መልሶ ይደርቃል። ይህ የሚሆነው የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ውሃ ስለሚስብ፣ ከዚያ ሲወርድ ደግሞ የሳበውን ስለሚመልስ ነው። እያንዳንዱ ጨው የራሱ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ ፖታሲየም ክሎራይድ 84 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል። ቦቬዳ ይህንኑ ጠባይ ተጠቅሞ፣ ጨው የጠገበ ውሃን እንፋሎት በሚያሳልፍ ግን ፈሳሽ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ውስጥ አሽጎታል። አየሩ ሲደርቅ እንፋሎት ይሰጣል፣ እርጥበቱ ሲበዛ መልሶ ይወስዳል። ለሲጋር የሚሸጡት 62፣ 65፣ 69፣ 72፣ 75 እና 84 የሚል ቁጥር የተጻፈባቸው ናቸው፤ ቁጥሩ ፓኬቱ ሊይዘው የሚሞክረው አንጻራዊ እርጥበት በመቶኛ ነው። 75 ለእርጥበት መለኪያ ማስተካከያም ይውላል፤ 84 ደግሞ አዲስ የእንጨት ሣጥን ለማርጠብ ነው እንጂ ለዕለት ተዕለት ማስቀመጫ አይደለም።

ስትከፍቱት አንድ ነገር ልብ በሉ። ፓኬቱ የሚመጣው ጥርት ባለ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። ያ ፕላስቲክ መውለቅ አለበት። ሳያወልቁ ሣጥን ውስጥ አስገብተው «አይሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሥሩ ያለውን የፓኬቱን ገላ ግን መቁረጥ፣ መብሳት ወይም ማጠፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ከውስጡ የሚወጣው ጨዋማ ፈሳሽ ሲጋርንም እንጨትንም ያበላሻል።

አሁን ወደ ደረቁ አየር። በቅዝቃዜው ወራት ዴንቨር ውጭው 0 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 50 በመቶ ቢሆን፣ ያንኑ አየር ቤት አስገብቶ ማሞቂያው 21 ዲግሪ ሲያደርሰው እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። ውሃው አልጠፋም፤ የሞቀ አየር መያዝ የሚችለው ውሃ ስለሚጨምር ነው መቶኛው የሚወርደው። ላስ ቬጋስ ደግሞ ማሞቂያም አያስፈልጋትም፤ በሰኔ ከሰዓት በኋላ አየሩ ራሱ ደረቅ ነው። ሲጋር ግን 65 እስከ 70 መካከል ሲሆን ነው ጭሱ ሳይታፈን የሚሳበው፣ በእኩል የሚነደው፣ የውጭ ቅጠሉ የማይሰነጠቅ። ከሣጥኑ ውስጥና ከውጭ ያለው ልዩነት 50 ነጥብ በላይ ነው። ይህን ልዩነት የሚሸከመው የክዳኑ ጠርዝ ነው።

ብዙ ሰው ሣጥኑን ደጋግሞ መክፈት ነው የሚያደርቀው ብሎ ያስባል። ይህ ሒሳብ ሲሠራበት አይቆምም። 10 ሊትር የሚያህል ሣጥን በ21 ዲግሪ፣ በ70 በመቶ እርጥበት ውስጥ ያለው አየር የሚይዘው ውሃ ከአንድ ግራም አንድ አስረኛ እምብዛም አይበልጥም፤ 0.13 ግራም ገደማ ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ አየሩ ሁሉ ቢተካ እንኳ የምታጡት 0.1 ግራም ነው። ፓኬቱ 60 ግራም ነው። በቀን አንዴ ከፍቶ ሲጋር ማንሳት የሚጎዳው ነገር የለም። የሚጎዳው ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ በስንጥቅ የሚወጣው ነው፤ ሌላው ደግሞ የእንጨቱ ጥማት ነው።

ስለ እንጨቱ ጥማት ትንሽ እንቆይ፤ አዲስ ገዢዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነውና። የጥሩ ሣጥን ውስጥ የሚለበደው «የስፔን ሴዳር» ይባላል፤ በሳይንስ ስሙ ሴድሬላ ኦዶራታ ነው፤ ስሙ ሴዳር ይሁን እንጂ እውነተኛ ሴዳር አይደለም። እርጥበት ይጠጣል፣ ሽታውም ለሲጋር ይስማማል። እንጨት በ20 በመቶ እርጥበት ውስጥ ሲቆይ ከደረቅ ክብደቱ 4.5 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ በ70 በመቶ ሲቆይ ግን 13 በመቶ ገደማ። የሣጥናችሁ የውስጥ ልባድ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ልዩነቱ 40 ግራም ውሃ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ሲጋሩ ከመርካቱ በፊት ወደ እንጨቱ ይሄዳል። ስለዚህ ከሱቅ የመጣ ደረቅ ሣጥን ውስጥ አንድ ባለ 69 ፓኬትና 20 ሲጋር አስገብቶ መዝጋት፣ ፓኬቱንም ሲጋሩንም ለእንጨቱ መመገብ ማለት ነው። እንጨቱ ከሲጋሩም ይጠጣል።

መፍትሔው ባለ 84ቱ ፓኬት ነው። ሣጥኑ ለሚይዘው ለእያንዳንዱ 25 ሲጋር አንድ ባለ 60 ግራም ይታሰባል፤ 50 ለሚይዝ ሁለት፣ 100 ለሚይዝ አራት። ሲጋር ሳይኖር አስገብታችሁ ለ14 ቀን ዝጉት፤ በየቀኑ እየከፈታችሁ አታዩት። በበረሃ አካባቢ 14ቱ ቀን ላይበቃ ይችላል። ለማረጋገጥ፣ ፓኬቶቹን አውጥታችሁ በ72 ተኩና ባዶውን ሣጥን ለሦስት ቀን ተዉት። መለኪያው ከ68 በታች ካልወረደ እንጨቱ ጠግቧል። ከወረደ 84ቱን መልሱና አንድ ሳምንት ጨምሩ። በጣም ቸኩሎ ሲጋርን ከ84ቱ ጋር ማስገባት ሻጋታ መጥራት ነው፤ ይህን አታድርጉ። በእርጥብ ጨርቅ ውስጡን መወልወል የሚለው የቆየ ምክርም ለደረቅ አገር የተሻለ ይመስላል እንጂ አይሻልም። ውሃው ያረፈበት ላዩ ብቻ ስለሚያብጥ ልባዱ ይጎብጣል፣ ማዕዘኖቹ ይላቀቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የተፈጠረውን ስንጥቅ ምንም ፓኬት አይሞላውም። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ደግሞ የማዕድን እድፍ ይተዋል።

ወደ ሣጥኑ መዝጋት እንመለስ። ገንዘብ ሳያወጡ የሚፈትሹበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የብር ኖት ነው፦ ኖቱን ግማሹ ውጭ ሆኖ በጠርዙ ላይ አድርጋችሁ ክዳኑን ዝጉና ጎትቱ። አለ ምንም ተቃውሞ ሾልኮ ከወጣ እዚያ ቦታ አየር ያልፋል። አራቱንም ጎን፣ በተለይ የኋላ ማጠፊያዎቹ አጠገብ ያለውን ፈትሹ። ሁለተኛው የስልክ መብራት ነው፦ አብርታችሁ ውስጥ አስቀምጡ፣ ክፍሉን አጨልሙ፣ ዙሪያውን እዩ። ብርሃን የሚታይበት ሁሉ እርጥበት የሚወጣበት ነው። ጥሩ ሣጥን ክዳኑ ሲለቀቅ በአየር ትራስ ላይ እንደሚያርፍ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ «ፍሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ክፉዎቹ ሣጥኖች ክዳናቸው መስታወት የሆነና ፊታቸው ላይ ክብ መለኪያ የተገጠመላቸው ናቸው። ዓይን ይማርካሉ፣ ለደረቅ አየር ግን በጣም የሚያሳዝኑ ናቸው። መስታወቱ ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀበት ዙሪያ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ የመለኪያው ቀዳዳም በቀጭን ጎማ ብቻ የተያዘ ነው። ሁለቱም ይታረማሉ። መስታወቱን ዙሪያውን ለዓሣ ማሳደጊያ በሚውል ንጹሕ ሲሊኮን በቀጭኑ ሙሉ፤ መለኪያውን አውጥታችሁ ቀዳዳውን ከውስጥ በአሉሚኒየም ቴፕ ዝጉ። ሲሊኮኑ ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ ያወጣል። ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ፣ ብዙ ቀን ቢወስድም፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይቆይ፤ ትምባሆ ሽታ ይወስዳልና።

ለበጀት የሚጠነቀቅ ሰው፣ በእኛ ግምት፣ ደረቅ አገር ላይ የእንጨት ሣጥን ባይገዛ ይሻለዋል። ጎማ ያለው፣ አራት ጎኑ የሚቆለፍ የምግብ ፕላስቲክ ዕቃ ከብዙ ውድ ሣጥን በተሻለ አየር ይዘጋል። በሙቅ ውሃና በትንሽ ሳሙና አጥባችሁ፣ ሽታው እስኪለቅ ለጥቂት ቀን ክፍቱን አየር አስነኩት፤ ሲጋሩ ሲገዛ የመጣበትን የሴዳር ሣጥን ወይም ጥቂት የሴዳር ቁራጭ ታች አንጥፉበት። አሠራሩ ይኸው ነው፣ ምንም ጌጥ የለውም። ልዩነቱ ግን በፓኬት ቁጥር ይታያል፦ 100 በሚይዝ ሣጥን አራት ፓኬት በየሁለት ወሩ የሚቀየር ከሆነ በዓመት 24 ፓኬት ነው፤ በየስድስት ወሩ ከሆነ 8 ብቻ።

የትኛውን ቁጥር እንግዛ ለሚለው፣ መልሱ በሣጥኑ ይወሰናል። አጥብቆ በሚዘጋ ፕላስቲክ ወይም አክሪሊክ ውስጥ ፓኬቱ የተጻፈበትን ያደርጋል፤ 65 ካስገባችሁ መለኪያው 65 ያሳያል። ስለዚህ እዚያ 65 ወይም 69 ይበቃል። የእንጨት ሣጥን ግን በደረቅ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ስለሚያጣ፣ ንባቡ ከፓኬቱ ቁጥር ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል። 69 ገብቶ 65 ወይም 66 ቢነበብ ፓኬቱ ተበላሸ ማለት አይደለም። እዚያ 72 አስገብቶ 68 አካባቢ ማግኘት ትክክለኛው ምርጫ ነው። የኩባ ሲጋር ወዳጆች ዝቅ ያለውን፣ 62 ወይም 65ን፣ ይመርጣሉ።

ብዛቱ የሚታሰበው ባላችሁ ሲጋር ቁጥር ሳይሆን ሣጥኑ በሚይዘው ነው። 100 የሚይዝ ሣጥን ውስጥ 15 ሲጋር ቢኖርም አራት ፓኬት ነው የሚገባው። እንዲያውም ግማሽ ባዶ ሣጥን ይበልጥ ይዋዥቃል፤ ሲጋሮቹ ራሳቸው እርጥበት ያከማቻሉና ሲበዙ ውስጡን ያረጋጋሉ። ቁም ሣጥን ለሚያህል የሲጋር ማስቀመጫ ባለ 320 ግራሙ አለ፤ ከአምስት ባለ 60 ትንሽ ይበልጣል። በቁም ሣጥን ውስጥ ላይኛውና ታችኛው መደርደሪያ የተለያየ ንባብ ስለሚያሳዩ ፓኬቱን ማከፋፈል እንጂ አንድ ቦታ መከመር አይጠቅምም።

መለኪያውን ሳያምኑ ስለ ፓኬት ማውራት ከንቱ ነው። ከሣጥን ጋር የሚመጣው ባለ መርፌ መለኪያ 5 አንዳንዴም 10 ነጥብ ይስታል። ዲጂታል ይሁን፣ እሱም ይፈተሽ። ባለ 75 ማስተካከያ ፓኬቱን ከመለኪያው ጋር በታሸገ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ 24 ሰዓት ሙቀቱ በማይለዋወጥ ክፍል ተዉት። 71 ካሳየ መለኪያችሁ 4 ይቀንሳል ማለት ነው፤ ማስተካከያ ቁልፍ ከሌለው ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ጀርባው ላይ ለጥፉ። ፓኬቱ ከሌለ የገበታ ጨው ያው ሥራ ይሠራል፦ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ጨው ሙሉና ውሃ በጠብታ ጨምሩበት፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ብቻ። ጨው ሟምቶ ፈሳሽ ከሆነ ውሃ በዝቷል፤ ንባቡ ከ75 በላይ ይወጣል። ከመለኪያው ጋር በዚፕ ከረጢት አሽጉት፣ ውሃው መለኪያውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ።

ፓኬቱ ማለቁን የምታውቁት በእጅ ነው። አዲስ ሲሆን ውስጡ ወፍራም ፈሳሽ ነው፣ ሲጫኑት ይንሸራተታል። እየደረቀ ሲሄድ በአንድ ጥግ እንደ ስኳር የሚያንኮሻኩሽ ነገር ይሰማል፤ ያ ጨዉ ሲረጋ ነው፣ ገና ጊዜ አለው። ከዳር እስከ ዳር እንደ ካርቶን ጠንክሮ ከቀረ ይቀየር። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ መንገድ የኩሽና ሚዛን ነው። ፓኬቱን በከፈታችሁበት ቀን መዝናችሁ ክብደቱንና ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ በየሳምንቱ አንዴ መዝኑት። ክብደቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፍጥነት ወርዶ ከዚያ ከቀዘቀዘ እንጨቱ እየጠጣ ነበር። በየሳምንቱ እኩል እየወረደ ከቀጠለ ግን የሚጠጣው ክፍሉ ነው፤ ወደ ብር ኖቱና ወደ ስልክ መብራቱ ተመለሱ።

ሰው የሚሳሳትባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። 69ና 72ን በአንድ ሣጥን መቀላቀል አይሆንም፤ 72ቱ የሰጠውን 69ኙ ይወስዳል፣ ሁለቱ እርስ በርስ ሲገፋፉ 72ቱ ቀድሞ ይደርቃል። አሮጌና አዲስ ፓኬት ግን ቁጥራቸው አንድ ከሆነ አብረው መኖር ይችላሉ፤ አንዱ ሲጠነክር ሁሉንም በአንድ ቀን መቀየር ይሻላል እንጂ። ሣጥኑ ላይ ተጣብቆ የመጣውን አረንጓዴ ስፖንጅና ስፖንጁን ለማርጠብ የሚውለውን የፕሮፒሊን ግላይኮል ፈሳሽ ከቦቬዳ ጋር አታስገቡ፤ ስፖንጁ በራሱ ፍላጎት ያረጥባል፣ ፓኬቱም ያንን ሲመጥ ያልቃል። የደረቀ ፓኬትን ከተጣራ፣ ማለትም ማዕድን ከሌለው፣ ውሃ ጋር በታሸገ ዕቃ ውስጥ አድርጎ መልሶ ማርጠብ የሚቻል ነው፤ አምራቹ ግን አይመክረውም፣ ከልክ በላይ የጠጣ ፓኬት ስፌቱ ላይ ሊያፈስ ይችላልና። በሌላ አነጋገር የጥቂት ዶላር ቁጠባ ለብዙ ዶላር ሲጋር አደጋ ነው።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር፣ ስፖንጅና ግላይኮል በርካሽነታቸው ይቀድማሉ። ግን በደረቅ አገር በየሳምንቱ ውሃ ይጠይቃሉ፤ ያውም የተጣራ ውሃ ብቻ፣ የቧንቧ ውሃ የስፖንጁን ቀዳዳዎች ይደፍናልና። ከብዙ ወራት በኋላ ግላይኮሉ ራሱ ስፖንጁን ይዘጋዋል። የሲሊካ ፍሬዎች ለረጅም ጊዜ ያገለግላሉ፤ የተጣራ ውሃ ሲረጭባቸው ይታደሳሉ፤ ትዕግሥትና እጅ የለመደ ሰው ይወዳቸዋል። ከመጠን በላይ ካረጠቧቸው ግን ከ70 በላይ ይዘልላሉ። በአየር ማራገቢያ የሚሠሩት ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ለትልቅ ቁም ሣጥን ካልሆነ አያስፈልጉም። ትንሽ ሣጥን ላለው፣ በጉዞ ብዙ ቀን ቤቱን ለሚተው ሰው፣ ቦቬዳ ይበልጣል፤ የሚጎድለው ነገር በየጊዜው መገዛቱ ነው።

ደርቆ የቆየ ሲጋር ካላችሁ ወዲያው በ72 አትጣሉት። የውስጥ ቅጠሉ ፈጥኖ ሲያብጥ የውጭ ቅጠሉ አይከተለውም፣ ይሰነጠቃል። በታሸገ ዕቃ ውስጥ መጀመሪያ 62 ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ 65 ለሁለት ሳምንት፣ በመጨረሻ 69። ሲጋሩን በጣት በቀስታ ሲጫኑት ትንሽ እጅ ሰጥቶ ከተመለሰ ደርሷል። ሽታው ካልተመለሰ ግን ዘይቱ አልቋል፤ ያን እርጥበት አይመልሰውም።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር፦ ሣጥኑ ከማሞቂያ ቀዳዳ፣ ከመስኮት ጸሐይና ከፍሪጅ አናት ይራቅ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ለጉዞ ስትወጡ ኤሲውን ጨርሳችሁ አትዝጉ። እርጥበቱ ጥሩ ሆኖ ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ካለፈ በቅጠሉ ውስጥ የተኛው የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል ሊፈለፈል ይችላል፤ ምልክቱ እንደ መርፌ ጫፍ ትናንሽ ቀዳዳና ዱቄት ነው። ካያችሁ ሲጋሮቹን በሁለት ዚፕ ከረጢት አሽጋችሁ አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ሦስት ቀን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ፍሪዘር፣ እንደገና አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ከዚያ ከረጢቱን ሳትከፍቱ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪደርስ ጠብቁ። ያኔ ሣጥኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉ፣ የሴዳሩን ልባድ ስንጥቆች ሁሉ እዩ። ፓኬቱን መጣል አያስፈልግም፣ ነቀዙ ሽፋኑን ካልበሳው በቀር፤ ላዩ ላይ ፈሳሽ ከታየ ግን በአዲስ ይተካ።